በዋልካና በጭቃ የተያዘን መኪና በማውጫ ቀበቶ ስለ ማውጣት፦ የአመራረጥና የአጠቃቀም መመሪያ

በጎንደር ዙሪያ የሚሠራ አሽከርካሪ ክረምት ሲገባ የሚጠብቀው ነገር አለ፤ ከአስፋልት ወርዶ ወደ ገጠር ቀበሌ በገባ ቁጥር መኪናው ዛሬ ባይያዝ ነገ መያዙ አይቀርም። የደምቢያ ሜዳ ጥቁር ዋልካ ዝናብ ሲጠግብ ያብጣል፣ የጎማውን ጥርስ ሞልቶ ያለሰልሰዋል፣ መኪናው በሆዱ ከተቀመጠ ደግሞ እንደ ሙጫ ይዞ አይለቅም። ከአዘዞ ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ወደ ሰሊጥ እርሻዎች የሚገቡት መንገዶችም በሐምሌና በነሐሴ ከዚህ አይሻሉም። ከደባርቅ በላይ ወደ ሳንቃ በርና ወደ ጨነቅ የሚወጣው የጠጠር መንገድ በአንጻሩ ጭቃው ቢያንስም ጠርዙ ገደል ስለሆነ፣ እዚያ የተያዘን መኪና በስህተት አቅጣጫ መጎተት ከመያዙ የከፋ ነው።

መኪና በጭቃ መያዙ በራሱ ሰው አይገድልም፤ ሰው የሚጎዳው መኪናው ሲወጣ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በቆላ ድባ አቅራቢያ የተያዘ ፒክአፕ ወደ ኋላ ስናወጣ፣ ቀበቶውን ያሰርነው በፒክአፑ የኋላ ተጎታች ማያያዣ ኳስ ላይ ነበር። በሁለተኛው ጉተታ የኳሱ አንገት ተቆረጠ፤ ብረቱ የሚጎትተውን መኪና የኋላ መስታወት ሰብሮ ገባና የሾፌሩ ወንበር ጀርባ ላይ ተቀረቀረ። ሾፌሩን ያዳነው የወንበሩ የብረት አጥንት ነው። ቀበቶው ግን አልተበጠሰም፤ አንድም ክር አልተነካም ነበር። ይህን መመሪያ የምጽፈው ከዚያ ቀን ጀምሮ ባየሁትና በተማርኩት ላይ ተመሥርቼ ሲሆን፣ ዋና ሐሳቡም ቀበቶው ጉልበት አጠራቅሞ የሚለቅ ዕቃ መሆኑን ማወቅና ያ ጉልበት ብረት ይዞ እንዳይወረወር አስቀድሞ መከላከል ነው።

የሚመሳሰሉ ግን የሚለያዩ ቀበቶዎች

በመለዋወጫ ሱቆች ውስጥ ተጠቅልለው የሚሸጡት ሰፋፊ ቀበቶዎች ሲታዩ አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ ሥራቸው ግን የተለያየ ነው። የመጀመሪያው መጎተቻ ቀበቶ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፖሊስተር ይሠራል፣ እምብዛም አይለጠጥም፣ ብዙ ጊዜም ጫፎቹ ላይ ጋንቾ አለው። ይህ ሞተሩ የጠፋበትን መኪና በደህና መንገድ ላይ ቀስ ብሎ ለመሳብ የሚሆን እንጂ ከጭቃ ለመንጠቅ የተሠራ አይደለም። ሁለተኛው ማውጫ ቀበቶ ነው፤ ከናይለን የሚሠራ፣ በጭነት ጊዜ እስከ 20 በመቶ የሚለጠጥና ጫፎቹ ላይ ጋንቾ ሳይሆን በራሱ ጨርቅ ተሰፍቶ የተጠናከረ ቀለበት ያለው ነው። የ9 ሜትር ማውጫ ቀበቶ እስከ 1.8 ሜትር ድረስ ሊረዝም ይችላል ማለት ነው። ከዚሁ ወገን የሆነው በድርብ የተጎነጎነው የናይለን ገመድ ደግሞ እስከ 30 በመቶ ስለሚለጠጥ ኃይሉን ይበልጥ በለዘብታ ያስተላልፋል፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው።

ከነዚህ ሌላ በገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ዕቃ ለማንሳት የተሠራ የፖሊስተር ማሰሪያ ነው። ብዙዎቹ በዓለም አቀፍ ልማድ ቀለማቸው የማንሳት አቅማቸውን ያሳያል፤ ወይን ጠጁ 1 ቶን፣ አረንጓዴው 2 ቶን፣ ቢጫው 3 ቶን ነው። ጥሩ ዕቃ ነው፤ ዛፍ ላይ ጠቅልሎ ዊንች (ገመድ እየጠቀለለ መኪና የሚስብ መሣሪያ) ለማሰር ያገለግላል፤ ነገር ግን አይለጠጥምና በሩጫ መኪና ለመንጠቅ አይሆንም። ጭነት ለማጥበቅ የሚውለው ባለ መወጠሪያ ማሰሪያ ደግሞ ለማንኛውም የማውጣት ሥራ መዋል የለበትም። በእጅ ስቦ መለጠጡን ማወቅ ስለማይቻል፣ ገዢው የሻጩን ቃል ሳይሆን በቀበቶው ላይ የተሰፋውን ምልክት ማንበብ አለበት፤ ናይለን ወይም ፖሊአሚድ የሚል ከሆነ የሚለጠጠው ነው፣ ፖሊስተር የሚል ከሆነ የማይለጠጠው ነው፣ ምልክቱ የተቀደደ ወይም ጭራሽ የሌለው ከሆነ አለመግዛት ይሻላል።

ካቦን በተመለከተ ሐሳቤን በግልጽ ልናገር። በአካባቢያችን ብዙ መኪና በብረት ካቦ ወጥቷል፤ ካቦ ርካሽ ነው፣ በየጭነት መኪናው ላይም አለ። ሆኖም ካቦ በሩጫ ሲነጠቅ የሚለጠጥበት ቦታ ስለሌለው ጠቅላላው ምት የሚያርፈው በሻንሲው (በመኪናው የብረት አጥንት)፣ በብሎኖቹና በካቦው ክሮች ላይ ነው፤ ሲበጠስም የሚገርፈው አይመረጥም። ካቦ ካለ በዝግታና በተወጠረ ሁኔታ ብቻ መሳብ ይገባል፤ ላላ አድርጎ መሮጥ ግን ፈጽሞ አይፈቀድም።

ጥንካሬውን ስለ መምረጥ

የማውጫ ቀበቶ ጥንካሬ የሚገለጸው በሚበጠስበት ዝቅተኛ ጭነት ነው። ተቀባይነት ያለው ደንብ ይህ ቁጥር ከሁለቱ መኪኖች መካከል የቀላሉ መኪና ሙሉ ጭነት ያለበት ክብደት ከ2 እስከ 3 እጥፍ እንዲሆን ይጠይቃል። ለምሳሌ መኪናው ከሰውና ከዕቃ ጋር 3,000 ኪሎ የሚመዝን ከሆነ የሚስማማው ቀበቶ ከ6,000 እስከ 9,000 ኪሎ ባለው መካከል ነው፤ ስለዚህ በገበያ የተለመደው 8,000 ኪሎው ይበቃዋል። የከበደ ጭነት ለያዘ ሃርድቶፕ 11,000 ኪሎው ሊያስፈልግ ይችላል። የመኪናው ከፍተኛ ክብደት በበሩ አጠገብ ወይም በኮፈኑ ሥር በተለጠፈው የብረት ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። በፓውንድ የተጻፈ ቀበቶ ሲገጥም 1 ፓውንድ ወደ 0.45 ኪሎ መሆኑን አስታውሶ ማስላት ያስፈልጋል፤ 20,000 ፓውንድ የሚል ቀበቶ በግምት 9,000 ኪሎ ነው።

ብዙ ሰው ወፍራሙ ሁልጊዜ ይበልጣል ብሎ ያስባል። ለአይሱዙ ጭነት መኪና የተሠራ ቀበቶ በቀላል ፒክአፕ ላይ ሲታሰር ግን ፒክአፑ ቀበቶውን ለመለጠጥ የሚበቃ ክብደት የለውም፤ ቀበቶውም እንደ ካቦ ደረቅ ሆኖ ምቱን ሁሉ ወደ ማሰሪያው ነጥብ ያስተላልፋል። በጣም ቀጭኑ ቀበቶውን ያስበጥሳል፣ በጣም ወፍራሙ መኪናውን ያስበጥሳል። ርዝመትን በተመለከተ 9 ሜትር ለአብዛኛው ሥራ በቂ ነው፤ የሚጎትተው መኪና በደረቁ መሬት ላይ ቆሞ የተያዘውን ለመድረስ የሚያስችለውም ይህ ርዝመት ነው።

ቀበቶውን ከመኪናው ጋር የሚያገናኘው የቀስት ቅርጽ ያለው ሻክል ሲገዛ የተጻፈበትን ቁጥር በትክክል መረዳት ይገባል፤ ሻክል ላይ የሚጻፈው የሥራ ጭነት፣ ማለትም በደህና የሚሸከመው ክብደት፣ እንጂ የሚሰበርበት ጭነት አይደለም፤ ስለዚህም 4.75 ቶን የሚል ሻክል ከ8,000 ኪሎ ቀበቶ ጋር ሲውል ያነሰ መስሎ መታየት የለበትም። ለቀላል መኪና 3.25 ቶኑ፣ ለከባዱ 4.75 ቶኑ የተለመደ ነው። ቁጥር ያልታተመበት ሻክል የጥንካሬው ልክ አይታወቅምና ለዚህ ሥራ አይውልም። አቅም ያለው ሰው ከጠንካራ ሰው ሠራሽ ክር የተጎነጎነውን ለስላሳ ሻክል ቢገዛ እጅግ የተሻለ ነው፤ ወደ አንድ ኪሎ ከሚመዝን ብረት ይልቅ ጥቂት መቶ ግራም የሚመዝን ገመድ ቢወረወር ጉዳቱ በእጅጉ ያንሳልና። የለስላሳው ጉድለት ስለታም የብረት ጠርዝ ላይ ቶሎ መቆረጡ ነው።

ከመጎተት በፊት

መኪናው እንደተያዘ የመጀመሪያው ሥራ እግርን ከነዳጅ ማንሳት ነው። ጎማ በዋልካ ውስጥ በተሽከረከረ ቁጥር ለራሱ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ሊቀመጥ አንድ ስንዝር የቀረው መኪና በአምስት ደቂቃ ጉልበት በሆዱ ይተኛል። በዊንች ሥራ የሚታወቅ ግምት እንደሚለው፣ ጎማው ብቻ የሰመጠ መኪና ለማውጣት የሚያስፈልገው ኃይል ከመኪናው ክብደት ጋር ሊስተካከል ይችላል፤ ጭቃው ከጎማው በላይ ያለውን የጭቃ መከላከያ ሲደርስ ወደ 2 እጥፍ፣ አካሉን ሲይዝ ወደ 3 እጥፍ ይሄዳል። ይህ ማለት በዶማና በአካፋ የምትጠፋው ግማሽ ሰዓት ከቀበቶው ላይ በቶን የሚቆጠር ጭነት ታነሳለች ማለት ነው። ስለዚህ ሰው ይወርዳል፣ ከባድ ጭነት ይራገፋል፣ ከጎማዎቹ ፊትና ከሆዱ ሥር ያለው ጭቃ ይጠረጋል፣ ድንጋይ ወይም ጭራሮ ይነጠፋል። በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥ ግን ጅባራም ሆነ አስታ ቆርጦ ማንጠፍ አይገባም፤ ድንጋይ በየቦታው አለ።

ቀጥሎ የጎማው ንፋስ ይቀነሳል። በ35 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) የሚሄድ ጎማ ወደ 20 ሲወርድ በመሬቱ ላይ የሚያርፍበት ስፋት ስለሚጨምር ብዙ ጊዜ ቀበቶ ሳያስፈልግ መኪናው በራሱ ይወጣል። ከወጣ በኋላ ንፋሱ እስኪሞላ ድረስ በዝግታ መንዳትና ሹል መታጠፍን መተው ያስፈልጋል።

አሁን የማሰሪያው ነጥብ ይፈለጋል፤ ከሥራው ሁሉ ትልቁ ውሳኔም ይህ ነው። ትክክለኛው ነጥብ ለማውጣት ተብሎ የተሠራ፣ በጠንካራ ብሎኖች ከሻንሲው ጋር የታሰረ ማያያዣ ነው። የተጎታች ማያያዣ ኳስ፣ ፓራውልት፣ አክስል፣ ባሌስትራና የመሪ ዘንግ ላይ በፍጹም አይታሰርም። ብዙዎችን የሚያሳስተው በፋብሪካ የተበየደው ቀጭን የፊት ቀለበት ነው፤ ይህ ቀለበት መኪናው በመርከብ ሲጫን እንዳይንቀሳቀስ ለማሰር የተሠራ እንጂ የሚነጠቅን መኪና ክብደት የሚችል አይደለም። በሠፈር የተበየደ ጋንቾ ደግሞ ብየዳው ከውጭ አምሮ ሊታይ ቢችልም የውስጡ ጥንካሬ አይታይምና አይታመንም። መኪናው ደህና ነጥብ ከሌለው ይህን ክረምት ሳይገባ በጋራዥ ማስገጠም እንጂ ጭቃ ውስጥ ሆኖ መላ መፍጠር አይገባም።

ቀበቶው ሳይጠማዘዝና ሳይቋጠር ይዘረጋል። ቋጠሮ የቀበቶውን ጥንካሬ በእጅጉ ይቀንሳል፣ ከተጠበቀ በኋላም አይፈታም። አንድ ቀበቶ ካልደረሰ ሁለቱ የሚያያዙት የአንዱን ቀለበት በሌላው ቀለበት ውስጥ አሳልፎ፣ የዚያኑ ቀበቶ ሌላኛውን ጫፍ በራሱ ቀለበት በማውጣት ሲሆን፣ መገናኛው እንዳይቆለፍ የተጠቀለለ ጋዜጣ መሐሉ ይገባል። ሁለት ቀበቶ በሻክል ማገናኘት ግን በአየር ላይ የተንጠለጠለ ጥይት ማዘጋጀት ነው። የብረት ሻክሉ ብሎን እስከ መጨረሻው ይጠብቅና ሩብ ዙር ወደ ኋላ ይመለሳል፤ እንዲህ ካልተደረገ ከጭነቱ በኋላ ተጣብቆ አልፈታ ይላል።

ከዚያም በቀበቶው መካከል ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ካፖርት ይጣላል፤ ቀበቶው ቢላቀቅ ክብደቱ ወደ መሬት ይጎትተዋል። ይህ ግን ፍጥነቱን ይቀንሳል እንጂ አያስቆመውም፤ ሰውን የሚያድነው ርቀት ብቻ ነው።

ስለ ተመልካቹ

በገጠራችን መኪና ሲያዝ ሰው ከየአቅጣጫው ይመጣል። እርሻውን ትቶ፣ ዶማውን ይዞ፣ ሳይጠየቅ ጭቃ ውስጥ የሚገባ ሕዝብ ማግኘት ትልቅ ጸጋ ነው፤ በቁፋሮው ጊዜም ያለ እነሱ ብዙ መኪና አይወጣም ነበር። ነገር ግን ቀበቶው ሊወጠር ሲል ይኸው ደግ ሕዝብ ከቀበቶው ግራና ቀኝ ተሰልፎ ይቆማል፤ ልጆች ደግሞ በመካከል ይሽሎከለካሉ። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ከሁለቱ ሾፌሮች በቀር ማንም በመኪኖቹ ውስጥ አይቀመጥም፣ ማንም ከቀበቶው ርዝመት 1.5 እጥፍ በቀረበ ርቀት አይቆምም፤ ለ9 ሜትር ቀበቶ ይህ ወደ 14 ሜትር ነው። በቀበቶው መስመር ላይ፣ ከመኪኖቹ ፊትም ሆነ ኋላ፣ በምንም ርቀት መቆም አይገባም።

ይህን ለማስፈጸም ጩኸት አይረዳም። ከመጡት ሰዎች መካከል በዕድሜ ከፍ ያሉትን ለይቶ «አባቴ፣ ይህ ገመድ ቢላቀቅ ሰው ይገድላል፤ እባክዎ ልጆቹን ከዚያ ዛፍ ወዲያ ያድርጉልኝ» ብሎ በአክብሮት መንገር ከማንኛውም ትእዛዝ ይበልጥ ይሠራል፤ ሽማግሌው አንድ ጊዜ ከተናገሩ ልጅ አይመለስም። ምልክት የሚሰጠው ሰውም አንድ ብቻ ይሁን። ሃያ ሰው «ሂድ፣ ሂድ» ሲል አንዱ «ቁም» ቢል ስለማይሰማ፣ ምልክቱ በእጅ ይሁን፤ ክንድ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከተነሳ ሁለቱም ሾፌሮች ወዲያውኑ ያቆማሉ። የተያዘው መኪና ሾፌር ጎማዎቹ ደረቅ መሬት ሲይዙለት ጥሩምባ ይነፋል።

አጎታተቱ

የሚጎትተው መኪና በተቻለ መጠን በደረቅ መሬት ላይ፣ ከተያዘው ጋር በአንድ ቀጥተኛ መስመር ይቁም፤ ከመስመሩ የሚወጣበት ማዕዘን ከ10 ዲግሪ አይብለጥ። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀልለው መኪናው በገባበት መንገድ ወደ ኋላ ማውጣት ነው፤ የመጣበት መሬት እስካሁን ተሸክሞታልና። በገደል ጠርዝ ላይ ከሆነ ደግሞ ቀበቶው ሲወጠር መኪናው ወደ የት እንደሚንሸራተት አስቀድሞ መታሰብ አለበት፤ መልሱ እርግጠኛ ካልሆነ በማውጫ ቀበቶ አይነጠቅም፣ በዊንች ወይም በተወጠረ መጎተቻ ቀስ ተብሎ ይሳባል።

የ9 ሜትር ቀበቶ ሲሆን መኪኖቹ ወደ 7 ሜትር ያህል ተራርቀው ይቆሙና ትርፉ 2 ሜትር መሬት ላይ በኤስ ቅርጽ ይተኛል። ሁለቱም ሾፌሮች ፎርዊሉን በከባዱ ማርሽ ያስገባሉ። ምልክት ሲሰጥ የሚጎትተው በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ማርሽ በለስላሳ ይነሳል፤ ቀበቶው ሲወጠር ፍጥነቱ ከ10 ኪሎ ሜትር በሰዓት መብለጥ የለበትም። የተያዘው ሾፌር መሪውን ቀጥ አድርጎ ይይዝና ውጥረቱ ሲሰማው ፍሪሲዮኑን በዝግታ እየለቀቀ በትንሽ ነዳጅ ያግዛል፤ አስቀድሞ ማሽከርከር ግን መኪናውን ይበልጥ ያሰምጠዋል።

ለምን 10 ኪሎ ሜትር? 3,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና በዚያ ፍጥነት የያዘው ጉልበት አንድ ኩንታል ጤፍ ወደ 12 ሜትር ከፍታ ለማንሳት ይበቃል። ፍጥነቱ ወደ 20 ሲያድግ ጉልበቱ በ2 ሳይሆን በ4 እጥፍ ስለሚያድግ፣ ያው ኩንታል ወደ 47 ሜትር ይነሳል ማለት ነው። ይህ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ቀበቶው ውስጥ ይገባል፤ የሚያልፈውም በሁለት ሻክሎችና በጥቂት ብሎኖች በኩል ነው። በተለይ የሚጎትተው የተጫነ አይሱዙ፣ የሚጎተተው ፒክአፕ ሲሆን፣ ጭነት መኪናው በጭራሽ በሩጫ መነሳት የለበትም፤ ቀበቶውን ቀስ ብሎ ወጥሮ መሳብ ብቻውን ይበቃዋል።

መኪናው በመጀመሪያው ካልወጣ ሰው ሁሉ ፍጥነት ጨምር ይላል። የኔ ምክር ተቃራኒው ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ካልተነቃነቀ ሥራው ወደ አካፋው ይመለሳል። በየጉተታው መካከልም ቀበቶው እንዲያርፍ ጊዜ ይሰጠው፤ ናይለን ሲለጠጥ ይሞቃል፣ ወደ ልኩ ለመመለስም ጊዜ ይፈልጋል። የረጠበ ናይለን ጥንካሬው እስከ 20 በመቶ ሊቀንስ ስለሚችል፣ ከወንዝ መሻገሪያ በወጣ ቀበቶ ወዲያው መንጠቅ ካስፈለገ ይህ ከስሌት መግባት አለበት። መኪናው ሲወጣ ሁለቱም በዝግታ ይቆማሉ፣ ቀበቶው ሙሉ በሙሉ እስኪላላ ድረስም ማንም አይቀርብም፤ የወጣው መኪና ወደ ፊት ተገፍትሮ ቀበቶውን እንዳይረግጠው ምልክት ሰጪው በዚህ ጊዜ ይበልጥ ንቁ ይሁን።

ከሥራው በኋላ

ጭቃ የጠጣ ቀበቶ ተጠቅልሎ ከወንበር ሥር ሲጣል ውስጡ የገባው ደቃቅ አሸዋ በቀጣዩ ውጥረት ክሮቹን እንደ ሞረድ ይበላቸዋል። ስለዚህ በለብታ ውኃና በቀላል ሳሙና ይታጠባል፣ በጥላ ሥር ይደርቃል፣ ከፀሐይ፣ ከናፍጣና ከባትሪ ውኃ ርቆ ይቀመጣል። ከመቀመጡ በፊት በእጅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዳሰስ፤ የተቆረጠ ጠርዝ፣ የተተረተረ ስፌት፣ የቀለጠ ወይም የደረቀ ቦታ፣ ከቀድሞው የረዘመና የማይመለስ ሁኔታ ከታየበት ሥራው አብቅቷል። እንዲህ ያለውን ቀበቶ ለሌላ ሰው መስጠት ወይም መሸጥ አይገባም፤ ተቀባዩ ያለፈ ታሪኩን አያውቅምና። በእኔ ልማድ ሁለት ሦስት ቦታ ቆርጬው ጭነት ላይ ሸራ ለማሰር አውለዋለሁ፤ ማንም ተሳስቶ መኪና እንዳያስርበት የጫፎቹን ቀለበቶች ግን አስቀድሜ ቆርጬ እጥላለሁ።